ያልፈተንኸውን አትታጠቅ

ወዳጄ ሆይ፣ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። አዲስ ሽጉጥ ገዝተህ ሦስተኛው ጥይት ላይ ነክሶ ቢቀርብህ ጥፋቱ የማን ነው? የሠራው ፋብሪካ ነው? የሸጠልህ ሰው ነው? የጥይቱ ነው? ወይስ ሳትፈትነው በወገብህ ሸጉጠህ የወጣኸው ያንተ?

«በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ስለ ሽጉጥ ምን ያነጋግራል?» ትል ይሆናል። እውነቱን ከተነጋገርን ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ብዙ ቤት ስጋት ገብቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታገታል፣ ከገበያ የሚመለስ ገበሬ የሸጠበትን ገንዘብ ይዞ ቤቱ ለመድረሱ ርግጠኛ አይደለም። ከወጣቶች ኅብረት በኋላ ደጅ ቆመው ከሚጨዋወቱት ወንድሞች መካከል ጉዳዩ በሹክሹክታ ይነሣል፤ መድረክ ላይ ግን አይነሣም። መድረክ ላይ ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ መልሱን ከገበያ ያገኛል።

«ክርስቲያን መሣሪያ መታጠቅ ይገባዋል ወይ?» የሚለውን ትልቁን ጥያቄ ዛሬ አልፈታውም። ክርስቲያኖች ለዘመናት ተከራክረውበታል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተወለደችበት የሜኖናውያን ወገን «አንታጠቅም» ሲል ኖሯል፤ ሌሎች ወገኖች ደግሞ ሮሜ 13ን ጠቅሰው ሰይፍ ለመንግሥት ተሰጥቷል ይላሉ። እኔ የማነሣው አነስ ያለ ጥያቄ ነው፤ ትልቁን ለማሰብ ይረዳ እንደ ሆነ እንጃ። አንድን ነገር «እተማመንበታለሁ» ለማለት ምን ያህል ልፈትነው ይገባኛል? ሲፈተን ቢወድቅስ ምን አደርገዋለሁ?

የጓሳው ወጣት

አንድ ወጣት በሐሳባችን እንፍጠር። ስም አያስፈልገውም፤ እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ናቸውና። ቤቱ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ ሣር ጠርዝ ላይ ነው። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፣ ገብስና በግ የሚያኖሩት፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ሜዳውን ነጭ የሚያደርግበት አገር ነው። ይህ ወጣት ከመሐል ሜዳ ገበያ ሲመለስ መሽቶበት ያውቃል፤ ጎረቤቱም ተዘርፏል። ስለዚህ አንድ በሬና ጥቂት በጎች ሸጦ በእጅ አዙር አዲስ ሽጉጥ ገዛ። ገና በላስቲኩ ነበር፤ ቅባቱም አልተጠረገም። ሻጩ «የፋብሪካ ነው፣ እጅ አልነካውም» አለው። ወጣቱም ይህን እንደ ምስጋና ሰማው።

በማግሥቱ ገደል ሥር ወርዶ ሞከረው። የመጀመሪያው ጥይት ወጣ፤ ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ላይ የሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ጥይቱን ነክሶ መንገድ ላይ ቆመ። አውጥቶ እንደገና አጎረሰው፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ ቀለሁ ሳይወጣ ቀረ። ወጣቱ ዙሪያውን አየ። ማንም አላየውም። ጠራርጎ ወገቡ ላይ መለሰው።

እዚህ ላይ እናቁመው። ይህ ወጣት አሁን የታጠቀ ነው ወይስ ያልታጠቀ?

አዲስ ነገር ለምን ይነክሳል?

ባለሙያዎች ስለዚህ ብዙ ያውቃሉ። አዲስ ሽጉጥ ውስጥ ያለው ሞላ ገና ጠንካራ ነው፤ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ቦታ ገና አልለሰለሰም፤ ጥይቱ ከካዝናው ወደ አፈሙዙ የሚወጣበት መንገድ ሸካራ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ለመጋዘንና ለጉዞ ብሎ የቀባው ወፍራም ቅባት ካልተጠረገ ደግሞ በብርድ ይረጋል፤ የጓሳ ሌሊት ያንን ቅባት ምን እንደሚያደርገው መገመት አያቅትም። የያዘው እጅ ከላላም ሽጉጡ የሚመለስበትን ኃይል ያጣና ይነክሳል። ጥይቱም የራሱ ጣጣ አለው። ገበያ ላይ ሁለቱንም «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ነገር ግን የማካሮቭ ጥይት ቀለህ 18 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሲኖረው የሌላው 19 ነው። አንዱ ለሌላው አልተሠራም። ከዚህ የባሰም አለ። ለድምፅ ብቻ ከደካማ ብረት ተሠርተው ኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ሽጉጦች በየአገሩ ሕገ ወጥ ገበያ ይሸጣሉ። የእነዚህ ችግር በአጠቃቀም ብዛት አይፈታም፤ አንድ ቀን በያዛቸው ሰው እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ስለዚህ መሣሪያ በሕግ በሚገዛበት አገር «አዲስ ነው» ማለት «ገና አይታመንም» ማለት ነው። አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው ከሽጉጡ ጋር በሚሰጡት መመሪያ ላይ ቢያንስ 200 ጥይት ካልተተኮሰበት አትመኑት ብለው ይጽፋሉ፤ እስከ 500 የሚሉም አሉ። ገዢው ወደ ተኩስ መለማመጃ ሄዶ ይፈትነዋል፤ ከነከሰ ለፋብሪካው ይመልሰዋል።

የእኛ ወጣት ግን 14 ጥይት ነው ያለው፤ አምስቱን ጨርሷል። መለማመጃ ቦታ የለውም። ለማንም መመለስ አይችልም፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መግዛትም መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወንጀል ነውና ሻጩም ገዢውም የሉም እንደ ማለት ነው። ብዙዎች ታዲያ የት ይፈትኑታል? ሠርግ ላይ። ሙሽራ ሲገባ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ግን እዚያው አይቀርም፤ መውረጃው የሰው ግቢ ነው። ሽጉጡን ፈተንሁ ያለው ሰው በእውነቱ የጎረቤቱን ልጅ ዕድል ፈተነ።

እኅቴ ሆይ፣ ይህ የወንዶች ወሬ ነው ብለሽ ገጹን አትለፊው። ያ ሠርግ ላይ የተተኮሰውን እልል ብሎ የተቀበለው ማን ነበር? መሣሪያ የያዘን ሁሉ ጀግና፣ ያልያዘን ሁሉ ፈሪ የሚያደርገው ዓይን የወንድ ብቻ አይደለም። ገበያው ያለ ተመልካች አይቆምም።

ማመን፣ መታመን፣ መተማመን

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚያስተምረን ነገር አለው። ያመነ ሰው «አማኝ» ነው፤ የሚታመን ሰው «ታማኝ» ነው፤ የማይከዳ ዕቃ «አስተማማኝ» ነው። ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ስለ ሽጉጥ ስንናገር ስለ እምነት የምንናገርበትን ቃል የምንዋሰው ሳናስበው ነው። ማመን የእኔ ሥራ ነው፤ አስተማማኝነት ግን የዕቃው ጠባይ ነው። እኔ በጣም ስላመንሁት ዕቃው አስተማማኝ አይሆንም። በሬ ተሸጦበታልና አይነክስም ብሎ ነገር የለም።

ወጣታችን ገበያ ላይ የገዛው ይህን ነው ብዬ እሰጋለሁ፤ የማመንን ስሜት ገዛ፤ አስተማማኝነትን ግን ገና አልገዛም። ችግሩም ስሜቱ ቶሎ ሥራ መጀመሩ ነው። ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ ከገበያ ይነሣ የነበረው ዛሬ ያመሻል። ከሰዎች ጋር ተጠባብቆ ይሄድ የነበረው ብቻውን ይሄዳል። በድንበር ክርክር ላይ ሽማግሌ ይጠራ የነበረው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ወገቡ ላይ ያለው ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ሳያድነው እግሩን ወደማይሄድበት ይወስደዋል። ከፊቱ የቆመው ሰው ደግሞ ሽጉጡ ይነክስ አይነክስ አያውቅም፤ የሚያየው ሽጉጥ ነው። ስለዚህ እርሱም ይመዛል። የሚነክስ ሽጉጥ የያዘ ሰው የታጠቀን ሰው አደጋ ሁሉ ተሸክሞ ባዶ እጁን የቆመ ነው።

ዳዊት ያወለቀው

መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነትህ ጀምረህ ካነበብህ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ታውቀዋለህ። አንድ ነገር ግን ቶሎ እናልፋለን (1ኛ ሳሙ 17፥38-40)። ሳኦል ለዳዊት የራሱን ጥሩር፣ የናስ ቁርና ሰይፍ አስታጠቀው። በዘመኑ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ በእስራኤል አልነበረም፤ የንጉሥ ነበረ። ዳዊትም ለብሶ መሄድ ሞከረ። ከዚያም አወለቀው። ምክንያቱን ልብ በል፤ መሣሪያው ክፉ ነው አላለም፣ እግዚአብሔር መሣሪያ አይወድም አላለም። ያልፈተነው ስለ ሆነ በእርሱ መሄድ እንደማይችል ተናገረ።

ያነሣው ወንጭፍ ደግሞ ተራ ነገር ቢመስልም በእጁ ለዓመታት የኖረ የእረኛ ዕቃ ነው። አንበሳና ድብ በመጡበት ጊዜ በጎቹን ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ነበር። የመንዝ ልጅ ይህን ከሰባኪ በፊት ያውቀዋል፤ የገብስ ማሳ ከጭላዳ ሲጠብቅ ያደገ እረኛ በየትኛው ርቀት ወንጭፉ እንደሚያስተማምነው፣ በየትኛው እንደማያስተማምነው ጠንቅቆ ያውቃል። ተሳስቶ ያውቃልና፤ ስሕተቱም ድንጋይ እንጂ ነፍስ አላስከፈለውም።

«ዳዊት እኮ የታመነው በእግዚአብሔር ነው» ትለኛለህ። አዎን፣ ዳዊት ራሱም ያለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በእግዚአብሔር የታመነ ሰው ስለ መሣሪያው ራሱን አላታለለም። እምነት ዓይንን አይጨፍንም። እንዲያውም በእግዚአብሔር መታመኑ የንጉሡን ጥሩር በሰው ፊት ያለ እፍረት እንዲያወልቅ ድፍረት ሰጠው። ሌላው ቢሆን ይሉኝታ ይዞት እየተንገዳገደ ወደ ሸለቆው ይወርድ ነበር።

በስቅለት ዕለት የፈነዳው መድፍ

ይህ ነገር በእኛም ምድር፣ ለወንጌላውያን ታሪክ ቅርብ በሆነ ቦታ ደርሷል። ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ከስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የእጅ ሙያ ያላቸው ወንጌላውያን ወደ አገራችን መጡ። ያመጣቸው ቃሉን የማዳረስ ሸክም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። አናውቅበትም ቢሉም አልተለቀቁም። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሸፉ፤ በመጨረሻ ግን ተሳካላቸው። ትልቁ ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያንን ብረት በገደልና በሸለቆ ለማድረስ ወራት ፈጀ።

በ1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ግርጌ ሲደርስ መድፎቹ ተተኮሱ። ከትልልቆቹ አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ የጋፋት ሰዎች ሸክም ግን መድፍ አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት በቴዎድሮስ ለመፍረድ አይደለም፤ አገር ከሚያስፈራራ ጠላት ፊት የቆመ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ እኔና አንተ አናውቅም። ያነሣሁት ያልተፈተነ ነገር ዋጋው በብር ብቻ እንደማይቆጠር እንድታይ ነው። መድፉን ሲጎትቱ ያለቁት ወራት፣ የተጎታቾቹ ጉልበት፣ ለወንጌል መጥተው ብረት ሲያቀልጡ የኖሩ ሰዎች ዕድሜ፣ ሁሉም ዋጋው ውስጥ አለ። የጓሳው ወጣት በሬ ደግሞ የመጪው ክረምት እርሻ ነበር።

ከነከሰ በኋላ

አሁን ወደ ገደሉ ሥር እንመለስ። ወጣቱ ሽጉጡ እንደሚነክስ አውቋል። ፊቱ ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ዝም ብሎ መያዝ ነው። ይህን አይተናል።

ሁለተኛው ዝም ብሎ ለሌላ መሸጥ ነው። ይህ ትልቁ ፈተና ነው፤ በሬው ታርሶበት ይበላ የነበረ ገንዘብ ነውና። «እኔም ሳይነግሩኝ ገዛሁ፤ ያየ ይግዛ» ይላል ልቡ። ቅባቱን መልሶ ቀባብቶ በላስቲክ ቢጠቀልለው ማን ያውቃል? ነገር ግን ገዢው ምን እየገዛ ነው? ጉድለቱ የሚገለጥለት ገበያ ላይ አይደለም፤ ነፍሱን ባስያዘበት ሰዓት ነው። የታመመ በግ እንደ ጤነኛ መሸጥ ነውር ከሆነ ይህን ምን እንበለው?

«እሺ፣ ጉድለቱን ነግሬ ልሽጠው» ብትልስ? ሐቀኛ ይመስላል። ግን አንድ ደረጃ ውረድና አስብ። አሠርተህ አስተማማኝ አድርገህ ብትሸጠው ሐቀኝነትህ ሙሉ ይሆናል፤ የማታውቀው ሰው ደግሞ የማይነክስ ሽጉጥ ይዞ ወደማታውቀው ሰው ይሄዳል። ሳይነክስ የሚተኩሰው በማን ላይ ነው? እዚህ ላይ ያ ትንሹ ጥያቄያችን ትልቁን ይነካል። ሁላችንም የራሳችን ሽጉጥ እንዳይነክስ፣ የጠላታችን ግን እንዲነክስ እንመኛለን። ያ ጠላት ያልኸው ሰውም እናት አለው፤ እርሷም ተንበርክካ የምትለምነው ይህንኑ ገልብጣ ነው። እግዚአብሔር የማንን ይስማ? ጥይት የነከሰ ሽጉጥ በብዙ ቤት የተመሰገነበት ጊዜ አለ፤ «ከሸፈ» ተብሎ ሰው ወደ ልጆቹ ተመልሷል። አንዱ ጋ ብልሽት የተባለው ሌላው ጋ ምሕረት ይባላል። መስበሩንም መጠገኑንም ያለ ሕሊና ጥያቄ ልናደርገው የማንችል ዕቃ እንዲህ ያለ ነው። ማረሻ እንደዚህ አይደለም፤ የማንም እናት የጎረቤቷ ማረሻ እንዲሰበር አትጸልይም።

ሦስተኛው መንገድ ኪሳራውን ውጦ ከገበያው ማስወጣት ነው። ለሕግ አካል ማስረከብ በሚቻልበት ቦታ ማስረከብ፤ ቢያንስ ደግሞ ለሚቀጥለው እጅ አለማሳለፍ። ይህ ይመራል። በሬው አይመለስም። ነገር ግን አንድ በገንዘብ የማይገኝ ነገር አግኝቷል፤ ሽጉጡ እውነቱን በጊዜ ነገረው። የነገረው በገደል ሥር፣ ማንም በሌለበት ነው። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ዘግይተው ነው።

«ታዲያ ማን ይጠብቀኝ?»

ይህን ጥያቄ አላልፈውም። ጎረቤቱ የተዘረፈበትን ሰው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ለሚናገረው ማለቴ ነው።

ጓሳ ራሱ ግን ስለ መጠበቅ የሚናገረው ነገር አለው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሣሩን የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀው አቆይተዋል። በአባ ቄራ እየተመሩ ሜዳውን ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያሰማራም። ሲከፈት ሁሉም በሥርዓቱ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚኖሩት ከዚህ ጥበቃ የተነሣ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ። ሥርዓቱ ነከሰ ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ግን እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሕጉን አስተካክሎ፣ ጥበቃውን መለሰው።

ሣር መጠበቅ አጋች ከመከላከል ጋር እኩል ነው አልልም። የምለው በመካከላቸው ያለውን አንድ ልዩነት ነው። ሽጉጥ የሚያስፈልግህ ሰዓት ላይ ከነከሰ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥህም። ሰዎች ተማምለው የሠሩት ጥበቃ ግን ሲነክስ ይጠገናል፤ በየጊዜውም በሁሉም ፊት ይፈተናል። ከገበያ ተጠባብቆ መመለስ፣ ተራ ይዞ መንደር ማደር፣ የመሸበትን መፈለግ፣ በጊዜ መደዋወል፣ ሽማግሌ ሳይረፍድ መላክ፤ እነዚህም ይከሽፋሉ፤ አንዳንዴም ሰው ይጎዳል። ግን የከሸፈበትን ቦታ አይተን ማረም እንችላለን። ኅብረታችሁ ባለፈው ወር ይህን ሞክሮ ያውቃል? ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ማን ብቻውን እንደሚቀር ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ወዳጄ፣ ሌላው ሁሉ ቢያከራክረን በዚህ እንስማማ። ነፍስህን የምታስይዝበትን ነገር ሳትፈትን አትያዝ። መፈተን ካልቻልህ ደግሞ እንደ ፈተንኸው ሆነህ አትሂድ፤ ሲፈተን የወደቀውንም በሌላው ወገብ ላይ አታሳድር። በመጨረሻም ፈተናውን ከዕቃ ወደ ሰው መልሰው። ያ ጎረቤት በመሸበት ቀን ደውሎልህ ያውቃል? ተነሥተህ ሄደሃል? አማኝ መሆንህን አንተ ትነግረናለህ። ታማኝ መሆንህን ግን የሚነግረን ያ የመሸበት ሰው ነው።